እጆች በፒያኖው ሆድ ውስጥ

የሙዚቃ ደራሲው ምንያህል የሞተው አንድ እጁን ፒያኖ ሆድ ውስጥ፣ ሌላ እጁን ቆርቆሮ ላይ እንዳደረገ ነው። ኮማንደር ካሳሁን ይህን ለኢንስፔክተር ሐዳሳ በስልክ ሲነግራት ይዘን ወይስ ይገረም ግራ ገብቶት ነበር።

«ኤሌክትሪክ ይዞት ነው። ሽቦውን የቀጣጠለችው ተማሪው ናት አሉ። ልጅ ናት፣ ተሳስታለች። ሂጂና ቃሏን ተቀብለሽ ነገሩን ዛሬውኑ ዝጊው» አላት።

«አይቼ እዘጋዋለሁ።»

«ሐዳሳ፣ ዛሬውኑ ነው ያልኩሽ።»

«እኔም አይቼ ነው ያልኩት፣ ኮማንደር።»

ይህችን «አይቼ» የምትላትን ቃል የሐዋሳ ባልደረቦቿ ሁሉ ያውቋታል፤ አለቆቿ ግን አይወዷትም። ሐዳሳ ቁመቷ አጭር፣ ትዕግሥቷ ረጅም፣ ግትርነቷ ደግሞ ከሁሉም የሚበልጥ ሴት ናት። አባቷ ቡሹሎ በምትገኝ አንዲት ቤተ ክርስቲያን የመዘምራን መሪ ነበሩ። ልጅነቷን መዝሙር ጥናት ላይ ስላሳለፈች፣ ከመዘምራኑ አንዱ ትንሽ ዝቅ ካለ ጆሮዋን ይቆረቁራታል። ሰው ሲዋሽም እንደዚያው ይቆረቁራታል፤ ይህን ግን ለማንም አትናገርም፣ ፍርድ ቤት አይቀበለውማ።

የሙዚቃ ትምህርት ቤቱ ከመናኸሪያ ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ግቢው ውስጥ ለማግሥቱ የእሑድ ኮንሰርት የተከራዩ ነጭ የፕላስቲክ ወንበሮች ተደራርበው ቆመዋል። አዳራሹ ውስጥ ክዳኑ የተነሣለት ትልቅ ፒያኖ አለ። ምንያህል በፒያኖውና በመስኮቱ መካከል በጎኑ ወድቋል። ሐዳሳ ጎንበስ ብላ አየችው። በግራ መዳፉ ላይ የፒያኖው የብረት ክሮች እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ተሰልፈው ታትመዋል። ፊቱ የፈራ ሰው ፊት አይደለም፤ ሥራ ላይ እያለ የጠሩት ሰው ፊት ነው።

ከመስኮቱ ፍርግርግ ላይ አንድ የጣሪያ ቆርቆሮ በሽቦ ተንጠልጥሏል። ድምፁ ወደ ብረቱ እንዲያልፍ ይመስላል፣ የፍርግርጉ ቀለም በሞረድ ተፍቋል። ፍርግርጉ በውጭ በኩል መሬት ውስጥ ከተተከለ የብረት ቋሚ ጋር ተበይዷል፤ አፈሩም ሌሊት በጣለው ዝናብ ርሷል። ቆርቆሮውን የነካ ሰው እርጥብ መሬት የነካ ያህል ነው። በሌላ እጁ ኤሌክትሪክ ያለበት ነገር ከያዘ አለቀለት። የቀረው ጥያቄ ኤሌክትሪኩ ወደ ክሮቹ እንዴት ገባ የሚለው ነው።

«እሱማ ግልጽ ነው» አለ ቀድሟት የደረሰው ፖሊስ። ግድግዳው ሥር ያለውን አምፕሊፋየር አሳያት። ገመዱ ሶኬቱ ላይ እንደተሰካ ነው። ከአምፕሊፋየሩ የምትወጣ ቀጭን ሽቦ ወደ ፒያኖው ትሄዳለች። «በዚህች ነው የመጣበት።»

ሐዳሳ ቆጣሪው መጥፋቱን አረጋግጣ፣ ጫማዋን አወለቀችና ፒያኖው ሥር ገባች። ቀጭኗ ሽቦ ጫፏ ላይ ትንሽዬ ማይክ አላት። ማይኳ የተለጠፈችው እንጨቱ ላይ ነው፤ አጠገቧ አንድም ብረት የለም። ከዚያ ወጥታ በፒያኖው ጭራ በኩል ዞረች። እዚያ ከቢሮው በር አጠገብ፣ የፒያኖውን የብረት አካል ከያዙት ብሎኖች አንዱ በአዲስ ጭረት ያብለጨልጫል፤ ጎኑ ላይም ምስር የምታክል ቃጠሎ አለች።

ቀጥላ አምፕሊፋየሩ አጠገብ ወደተቀመጠው የሽቦ ሳጥን ሄደች። ሽቦ መደበቅ የፈለገ ሰው ከሽቦ መሐል የተሻለ ቦታ ከየት ያገኛል? ብዙም መፈለግ አላስፈለጋትም። አንድ ጫፏ መሰኪያ ያላት፣ ሌላ ጫፏ ተልጦ መዳቡ የጠቆረ ረጅም ሽቦ በመሐረቧ ይዛ አወጣች።

«ይህችን ለኤሌክትሪክ ባለሙያ አሳዩልኝ» አለችው ፖሊሱን። «ተማሪዋን ደግሞ ማንም እንዳይነካት።»

በዚህ መሐል ከበሩ አካባቢ ስልክ ጠራ። እንደተለመደው ዘፈን ወይም መዝሙር አልነበረም፤ የፒያኖ ድምፆች ወዲህና ወዲያ እየዘለሉ፣ አንዱ ከሌላው ጋር የተጣላ ይመስል ይሮጣሉ። የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ወይዘሮ ብርቅዬ ስልኩን በእጃቸው ይዘው ያለቅሳሉ እንጂ አላነሡትም፤ እስከ ፍጻሜው ጮኸ። መጨረሻ ላይ ዜማው ከላይ ወደ ታች ተወረወረና፣ ሁለት ትናንሽ ደረጃ ወጥቶ ቆመ።

«ይቅርታሽን ልጄ» አሉ ብርቅዬ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ከምንያህል ጋር ትምህርት ቤቱን የከፈተው የተስፋዬ ሥራ ናት። አምና ውጭ አገር የተሸለመባት። የትምህርት ቤታችን ኩራት ስለሆነች ስልኬ ላይ አስጫንኳት።»

ሳያት የምትባለው ተማሪ አዳራሹ ደረጃ ላይ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣ ነበር። ዓይኗ አብጧል፤ አገጯ ግን ቀና ብሏል።

«ተሳስቻለሁ በይና ቃልሽን ስጪ፣ ቀላል ነው ተብያለሁ» አለች ሳያት፣ ሐዳሳ ገና ሳትቀመጥ። «አልልም። አልተሳሳትኩም። ከፈለጋችሁ እሰሩኝ።»

«ማንም አስርሻለሁ አላለም። ማይኳን ለምን እንጨት ላይ ለጠፍሻት?»

ጥያቄው ለሳያት የሞኝ ጥያቄ መሰላት። «ድምፁ ያለው እንጨቱ ውስጥ ነዋ። ብረት ላይ ቢለጠፍ ምን ሊሰማ? ጋሼ ነው ያስተማረኝ።» «ጋሼ» የምትለው ቃል ከአፏ ስትወጣ ድምፏ ተሰበረ።

ሐዳሳ አጠገቧ ተቀመጠች። «እስቲ ለማያውቅ ሰው ንገሪኝ። ሰው ምን ቆርጦት ፒያኖ ሆድ ውስጥ እጁን ይከታል?»

«የሚጫኑትን ነጭና ጥቁር ጥርሶቹን ሁሉም ሰው ይነካቸዋላ! ጋሼ፣ ‹ፒያኖ ቤት ነው፤ ሳሎን ብቻ ተቀምጦ ቤቱን አየሁ የሚል እንግዳ ነው› ይላል። እሱ የጀመረው ነገርም አይደለም። ጆን ኬጅ የሚባል አሜሪካዊ በክሮቹ መካከል ብሎንና ላስቲክ ይሰካ ነበር። ከመቶ ዓመት በፊት ደግሞ ሾንበርግ የሚባል የቪየና ሰው ሌላ መንገድ አመጣ። አሥራ ሁለቱንም ድምፆች በአንድ ረድፍ ያሰልፋቸዋል፤ ሁሉም ሳይዳረሱ አንዱ አይደገምም። ጌታም ሎሌም የለም። ረድፉን ከፈለጉ ይገለብጡታል፣ ከፈለጉ ከጅራቱ ወደ ራሱ ያስኬዱታል።»

«የምንያህልስ?»

«የነገው ሥራው ‹የቆርቆሮ ቤት› ነው የሚባለው። ዝናብ ጣሪያ ላይ ሲጀምር፣ ሲበረታ፣ ከዚያ ድንገት ቀጥ ሲል። መሐሉ ላይ ረጅም ዝምታ አለው። መጨረሻው ላይ ግራ እጅ ክሮቹ ላይ፣ ቀኝ እጅ ቆርቆሮው ላይ ነው። ሰው ይስቅበታል። እሱ ደግሞ ይሳቁ፣ የሳቀ ሰው ቢያንስ ሰምቷል ይላል።»

«ማን ነው የሚስቀው?»

«ሁሉም። ኪቦርድ ተጫዋቹ ፊልሞን ይስቃል፤ ግን አምፕሊፋየሩን ያውሰናል። ጋሽ ተስፋዬ አይስቅም፤ ከዚያ ይብሳል። ይህ ጩኸት ስማችንን ያጠፋል፣ ኮንሰርቱ ይሰረዝ ብሎ እትዬ ብርቅዬን ሲለምን ነበር። በዚህ ሳምንት ከጋሼ ጋር ተጣሉ። ጋሼ ወጥቶ፣ ‹ሳያት፣ ነገ መጨረሻ ላይ አንደኛ ዓመት ያስተማርኩሽን መልመጃ ትጫወቺያለሽ› አለኝ። ለምን ስለው ‹ያኔ ትሰሚያለሽ› አለኝ።»

ሐዳሳ መልመጃዋን እንድታሰማት ጠየቀቻት። ፒያኖው እንዳይነካ ታሽጎ ስለነበር ሳያት ክፍል ውስጥ ባለች ትንሽ ኪቦርድ ተጫወተችላት። ዜማዋ ሁለት ትናንሽ ደረጃ ወርዳ ድንገት ወደ ላይ ተወረወረች። የሐዳሳ ጆሮ እንደ ተጠራ ሰው ብድግ አለ፤ ለምን እንደሆነ ግን ወዲያው አልገባትም።

«ሲወድቅ የት ነበርሽ?»

«መናኸሪያ አጠገብ ካለው ሱቅ ፕላስተር ልገዛ ሄጄ። ባለሱቋ ሰሚራ ታውቀኛለች፣ ይጠይቋት።»

ተጠየቀች፤ እውነት ነበር። ነገር ግን ሳያት ሽቦውን ቀደም ብላም ልትቀጥለው ትችላለች የሚል ሰው አይጠፋም። ነገሩ በአደጋ ቢዘጋ መምህሯን የገደለች ተብላ ዕድሜ ልኳን ልትኖር ነው። ሐዳሳ ይህን ስታስብ ደሟ ፈላ።

ወይዘሮ ብርቅዬ ቢሯቸው ውስጥ ጭንቅላታቸውን ይዘው ነበር። ቢሮው ከአዳራሹ ጋር በበር ይገናኛል።

«ዛሬ ነገር ሁሉ ተበላሽቶ ነው የዋለው» አሉ። «ጠዋት የኮንሰርቱን ፕሮግራም ማተም ጀምሬ መብራት ጠፋ። ከሰዓት መብራት ሲመጣ ወንበር የጫነው መኪና ደረሰና ወደ በሩ ወጣሁ። ከዚያ ይህ ጉድ። አሁን ደግሞ ለቅሶ ማስታወቂያ ላትም ብል የፕሪንተሩ ገመድ የለም። ጫፉ ላይ ቀይ የጥፍር ቀለም የቀባሁት ገመድ! እዚህ ቤት ገመድ ምልክት ካልተደረገበት አይከርምም።»

«ጠዋት ነበረ?»

«ሲያትም ነበር እኮ።»

«በሩ ላይ ሳሉ ቢሮው ውስጥ ማን ነበር?»

«ተስፋዬ ብቻ። ሻይ ይጠጣ ነበር።»

«ምንያህል ሲጫወት ሰሙ?»

«ሰማሁ እንጂ፣ ያንን ዝናቡን። ከዚያ ዝም አለ። እኔ ምን ልጠርጥር? ሙዚቃው ራሱ ዝም ይላላ!» ብርቅዬ እንደገና አለቀሱ። «ጎበዞቹ ወንበሩን በሙሉ አውርደው ጨረሱ፣ ሹፌሩን ሸኘሁት። ከዚያ በኋላ ነው ተስፋዬ ሲጮህ የሰማሁት። ገብቼ ቢሆን እኮ፣ ልጄ! በዝምታው መሐል ገብቼ ቢሆን!»

ሐዳሳ እጃቸውን ያዘችላቸው።

ተስፋዬ ሽበቱን በወጉ ያበጠረ፣ ንግግሩ እንደ ሬዲዮ ዜና የተስተካከለ ሰው ነው። የሐዘን ጥቁር ለብሶ ነበር፤ መቼ እንደቀየረ እግዜር ይወቅ።

«ይህን ትምህርት ቤት አብረን ነው የከፈትነው። ወንድሜ ነበር» አለ።

«ሲወድቅ ቢሮ ነበሩ?»

«አዎ። መብራት እንደመጣ መጫወት ጀመረ። ስፒከሩ እምምም ሲል ይሰማኝ ነበር፣ አምፕሊፋየር ሲበራ የሚያሰማው ድምፅ። ከዚያ ስፒከሩ ጧ! አለ። ቀጥሎ ሲወድቅ ሰማሁ። ሮጬ ገባሁና ጮኽኩ።»

«ወዲያውኑ?»

«ወዲያው እንጂ!» ተስፋዬ ራሱን ነቀነቀ። «ልጅቷን ስንት ጊዜ መከርኳት፣ ሽቦና ብረት አይቀላቀልም ብዬ። ግን አትፍረዱባት። ልጅ ናት።»

ሐዳሳ አመስግናው ወጣች። ጆሮዋ ግን ይቆረቁራት ነበር።

የአምፕሊፋየሩ ባለቤት ፊልሞን ከከተማው ወጣ ብላ በምትገኘው ቱላ ነበር፤ አንድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ለእሑድ አምልኮ መዘምራን ያስጠናል። በከተማው ሠርግ ያለ ፊልሞን ኪቦርድ ሠርግ አይባልም። ሐዳሳን ሲያይ ጥናቱን አቋርጦ እየሮጠ መጣ።

«እህቴ ሐዳሳ፣ ጌታ ነው ያመጣሽ! ደውለው አምፕህ ሰው ገደለ ብለውኝ ዘጉት። እኔ ደግሞ ይኸው እዚህ ቁጭ ብዬ ‹ጌታ ሆይ፣ ገመድ የሌለው አምፕ እንዴት አድርጎ ሰው ይገድላል?› እላለሁ።»

«ገመድ የሌለው?»

ፊልሞን ቦርሳውን ከፍቶ አንድ ጥቁር ገመድ አወጣ። «የመጀመሪያውን አምፔን መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሠርግ ላይ አቃጠለብኝ። ከዚያ ወዲህ መብራት ሲጠፋ መንቀል ብቻ አይደለም፣ ገመዱንም ይዤ ነው የምሄደው። ነቅዬ ብተወው አንዱ ተማሪ ይሰካዋላ! ዛሬም መብራቱ ሲጠፋ ከአምፑ ነቅዬ፣ ቦርሳዬ ከትቼ ወደዚህ መጣሁ።»

«ማን አየህ?»

«ምንያህል ብቻ። ‹ፊልሞን፣ ሚስትህንም እንዲህ ይዘሃት ትዞራለህ?› ብሎ ሳቀብኝ።» ፊልሞን ፊቱን አዞረ። «ሙዚቃው አይገባኝም ነበር። ፊት ለፊቱ ጩኸት ነው እለው ነበር። ግን ወንድ ነበር፣ እህቴ። ለማንም ብሎ አንዲት ድምፅ አልቀየረም።»

ሐዳሳ ወደ ከተማ ስትመለስ የኤሌክትሪክ ባለሙያው መልስ ደርሶ ነበር፤ ኮማንደሩም ደወለ።

«ዘጋሽው?»

«ነገ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ትምህርት ቤቱ ይምጡና አብረን እንዝጋው። ልጅቷን ግን በዚህ ነገር ስሟን ሊያነሣ የሚፈልግ ካለ መጀመሪያ እኔን ከሥራ ያባር።»

ኮማንደሩም «እሺ፣ እመጣለሁ» አለ።

እሑድ ረፋዱ ላይ ሁሉም አዳራሹ ውስጥ ነበሩ። ወይዘሮ ብርቅዬ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ፊልሞን ከአምልኮ በመጣበት ሙሉ ልብስ፣ ተስፋዬ በጥቁሩ፣ ኮማንደር ካሳሁን ደግሞ በሩ አጠገብ ክንዱን አጣጥፎ። ሳያት ፒያኖው ጎን ቆማለች። የምንያህል ቀብር ከሰዓት ነው።

«ረጅም አይደለም» አለች ሐዳሳ። «አምፕሊፋየሩ ገደለው ተብሏል። ከአምፕሊፋየሩ ወደ ፒያኖው የምትሄደው ሽቦ ግን ያረፈችው እንጨት ላይ ነው። በእንጨት አልፎ ክሮቹ ላይ የሚደርስ ኤሌክትሪክ የለም። ኤሌክትሪክ የነካው ይህ በስተኋላ ያለው ብሎን ነው፤ ተቃጥሏል። ክሮቹ ሁሉ ከዚህ ብረት ጋር ስለሚገናኙ አንዱን ብሎን የነካ ሁሉንም ነካ። የተላጠችው ሽቦ እዚያ ሳጥን ውስጥ ተገኝታለች፣ ባለሙያው ቃጠሎዋ ከብሎኑ ጋር እንደሚገጥም ነግሮኛል። እንግዲህ አደጋ አይደለም። ሰው ነው ያደረገው።»

ሐዳሳ ወደ ፒያኖው ዞረች።

«ገዳዩ የ‹ቆርቆሮ ቤት›ን መጨረሻ የሚያውቅ ነው። ጥርሶቹን የሚጫወት ሰው ምንም አይሆንም፤ የሚሞተው ክሮቹንና ቆርቆሮውን ባንድ ላይ የያዘ ብቻ ነው። ዝምታውንም ያውቃል። ፒያኖው ዝም ቢል ማንም እንደማይደነግጥ፣ ሽቦውን ፈትቶ ለመደበቅ ጊዜ እንዳለው ያውቃል። ሽቦውን ደበቀ። ከዚያ ጥፋቱን አምፕሊፋየሩ ላይ ሊያሳብብ ሲሄድ፣ አምፕሊፋየሩ ገመድ የለውም!»

ፊልሞን ገመዱን ከቦርሳው አውጥቶ ከፍ አደረገው።

«ፊልሞን መብራት ሲጠፋ ገመዱን ይዞ ይሄዳል። ይህን የሚያውቅ ዕቃ ተሸክሞ ሠርግ ለሠርግ የዞረ ሰው ነው፤ ገዳዩ እንደዚያ ዓይነት ሰው አይደለም። ገመዱ የሆነ ቦታ የጠፋ መስሎት ሌላ ፈልጎ ሰካ። ወይዘሮ ብርቅዬ፣ እስቲ ይህን ይዩት።»

ብርቅዬ ቀርበው አምፕሊፋየሩ ላይ የተሰካውን ገመድ አዩ። ጫፉ ላይ ቀይ የጥፍር ቀለም ነበረበት። «የፕሪንተሬ ነው!» አሉ፤ ከዚያ ቀስ ብለው ወደ ተስፋዬ ዞሩ። «ቢሮው ውስጥ አንተ ብቻ ነበርክ።»

«ቢሮው ክፍት ነው፣ ማንም ይገባል» አለ ተስፋዬ።

«ልክ ነው» አለች ሐዳሳ። «ግን ስፒከሩ እምምም ሲል ሰማሁ ያሉት እርስዎ ነዎት። ከዚያም ጧ ሲል። ገመድ የሌለው አምፕሊፋየር እምም አይልም፣ አቶ ተስፋዬ። ወዲያው ጮኽኩም ብለዋል፤ ወይዘሮ ብርቅዬ ግን ዝምታው ከጀመረ በኋላ መኪና ሙሉ ወንበር አስወርደዋል። ያልነበረ ድምፅ ሰሙ፣ የነበረውን ዝምታ ግን ረሱት።»

የተስፋዬ ከንፈር ገረጣ። ድምፁ ግን አሁንም የተስተካከለ ነበር። «እኔ የተሸለምኩ ደራሲ ነኝ። ቆርቆሮ የሚደበድብ ሰው ገድዬ ምን አገኛለሁ?»

«ሳያት፣ መልመጃሽን ተጫወቺ» አለች ሐዳሳ።

ሳያት ተቀመጠች። ፒያኖው ከትናንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረ። ዜማዋ ሁለት ደረጃ ወርዳ ወደ ላይ ተወረወረች፣ ከዚያ ወዲህና ወዲያ ዘለለች። ፊልሞን ከወንበሩ ተነሣ።

«ይህችንማ እኔም ተምሬአታለሁ! ያኔ ትምህርት ቤቱ ሲከፈት። ምንያህል ራሱ ነው የጻፋት፤ ጣቴ እስኪያብጥ ተጫውቼ ጥዬለት የሄድኩት በሷ ምክንያት ነው።»

«መልካም። ሳያት፣ አሁን ከጅራቷ ጀምረሽ ወደ ራሷ አምጪያት።»

ሳያት ግራ በመጋባት አየቻት። ከዚያ ዓይኗ ሰፋ። ጣቶቿን የመልመጃዋ መጨረሻ ድምፅ ላይ አሳርፋ፣ በዝግታ፣ እያንዳንዷን ድምፅ እየፈለገች ወደ ኋላ መጫወት ጀመረች። ጥቂት እንደሄደች ወይዘሮ ብርቅዬ ደረታቸውን ያዙ።

«ስልኬ ነው!» ብለው ጮኹ። «ይህ እኮ ስልኬ ነው!»

ሳያት አላቆመችም። እንባዋ ጥርሶቹ ላይ እየወረደ እስከ መጨረሻው አደረሰችው፤ ዜማው ከላይ ተወርውሮ ሁለት ትናንሽ ደረጃ ወጣና ቆመ።

«ምንያህል የወይዘሮ ብርቅዬ ስልክ በጠራ ቁጥር የራሱን ዜማ ከጅራቱ ወደ ራሱ ሲሄድ ይሰማ ነበር» አለች ሐዳሳ። «ለትምህርት ቤቱ ብሎ፣ ለጓደኝነት ብሎ ቻለው። እርስዎ ግን የሰረቁት አልበቃ ብሎ ኮንሰርቱን ሊያሰርዙበት ተነሡ። ያኔ በቃው። ዛሬ በሕዝብ ፊት ሊያሰማው እንደሆነ ነግሮዎታል።»

ተስፋዬ ብድግ አለ። የተስተካከለው ድምፅ ተሰነጠቀ። «ማን ይሰማው ነበር? በዚህ ከተማ ከኋላ ወደ ፊት የሚሰማ ጆሮ ያለው ማን ነው? እኔ ወደ ውጭ አገር ባልልከው ኖሮ እዚህ ከተማሪ መልመጃ ጋር ይበሰብስ ነበር! ሰው ያደረግኩት እኔ ነኝ!»

ኮማንደር ካሳሁን ክንዱን ፈትቶ ወደ እሱ ሄደ። ተስፋዬ በሩ ጋ ሲደርስ አንዴ ወደ ፒያኖው ዞሮ አየ፤ ሳያት ዓይኗን አልሰበረችለትም። ቀድሞ ዓይኑን የሰበረው እሱ ነው።

ከቀብር መልስ ሰው ሁሉ ወደ ትምህርት ቤቱ መጣ፤ ለኮንሰርት የመጡት ወንበሮች የለቅሶ ወንበሮች ሆኑ። ተማሪዎች፣ ጎረቤቶች፣ የፊልሞን መዘምራን፣ በሕይወት ሳለ የሳቁበት ሁሉ ነበሩ። ሳያት ከወይዘሮ ብርቅዬ ፊት ለፊት ቆማ «‹የቆርቆሮ ቤት›ን እጫወታለሁ» አለቻቸው።

«በለቅሶ ላይ? በዚያ ፒያኖ? ልጄ፣ ሰው ምን ይላል?»

«የፈለገውን ይበል። እሱ እንዲጫወተው ነው የጻፈው። እጁ የሞተበት ቦታ እጄን ካላሳረፍኩ ተስፋዬ ያሸነፈ ይመስለኛል።»

«እኛስ ለቅሶ ላይ እንዘምር የለ?» አለ ፊልሞን። መልስ ሳይጠብቅ አምፑ ጋ ሄዶ በርከክ አለና ገመዱን ሰካ። ስፒከሩ እምምም አለ፤ በዚያ ድምፅ ብዙ ሰው ደነገጠ።

ሳያት ጫማዋን አውልቃ ፒያኖው ጎን ቆመች። መጀመሪያ ዝናቡ በሩቅ ጀመረ፤ ከዚያ በረታ። ከኋላ አንድ ሰው ሊስቅ ሲል ሌላው ክንዱን ያዘው። ድንገት ሁሉም ቀጥ አለና ዝምታው መጣ። ረዘመ። ወይዘሮ ብርቅዬ ከወንበራቸው ተነሡ፤ በዚህኛው ዝምታ ዝም ብለው መቀመጥ አልቻሉም። ወደ ፊት ሄደው ሳያት አጠገብ፣ ቆርቆሮው ሥር ቆሙ። ሳያት አየቻቸውና ራሷን ነቀነቀች፤ ግራ እጇን ከነመዳፉ ፒያኖው ሆድ ውስጥ ከተተች፣ ቀኝ እጇን ወደ ቆርቆሮው ዘረጋች።

ኮማንደር ካሳሁን ወደ ሐዳሳ ጆሮ ጠጋ አለ። «አለቀ?» ብሎ በሹክሹክታ ጠየቀ።

«አላለቀም» አለች ሐዳሳ።